ጀርባውን የሰጠው መንገደኛ

ወንድሜ በተቀበረበት ቀን ቪየና ነበር። ከቪየና በፊት ፓሪስ ነበር። ፓሪስ የደረስነው በፔንደልቶግ፣ ማለትም ከከተማ ወጣ ብለን የምንኖረውን ሰዎች በሚያመላልሰው ባቡር ነው። በቀጥታ ከሄዱ ሃያ ደቂቃም አይፈጅም።

እንዲህ ብዬ ከጀመርኩ ለማንም አይገባም። ከመጀመሪያው ልናገር። መጻፍ አልለመድኩም፤ ትምህርቴ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ረጅም ነገር ጽፌ የማውቀው የሥራ ማመልከቻ ብቻ ነው።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። እናትና አባታችን በልጅነታችን ስለሞቱ ሁለታችንንም ያሳደገችን የአባታችን እህት ናት። እቴቴ እንላታለን። አዲስ አበባ ነው ያለችው። ወንድሜ ለትምህርት ስቶክሆልም መጣ፤ ጨርሶ ኪስታ በሚባል ሰፈር አንድ የኮምፒውተር ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ በኋላ እኔን አስመጣኝ። ከከተማው ወጣ ባለችው ኡፕላንድስ ቬስቢ አብረን እንኖር ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ኳስ ተጫውቶ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ቀና አላለም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በዚያው ሰሞን ሁለት ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። አንደኛው ጉዞ ነው። ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ቦርሳ ተሸክመው በባቡር አውሮፓን ሊዞሩ ከክረምት ጀምሮ ሲያወሩ ነበር። ፈቃዳቸውን ወስደው፣ ትኬታቸውን ይዘው፣ ሦስቱም ቦርሳ እኛ ቤት ኮሪደር ላይ ተደርድሮ ነበር። ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ በቦርሳዎቹ ላይ መረማመድ ነበረብኝ። ሁለተኛው የእቴቴ ዓይን ነው። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር ሐሙስ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት እንዳታጎነብስ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ ከሁሉም በላይ እንዳታለቅስ አዟት ነበር። ሐሙስ ተሠራላት፤ እሁድ ወንድሜ ሞተ።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው የሚያረዳው። አሁን ደግሞ ጎህም ቢቀድ ማርዳት አይቻልም፤ ዓይኗ ይጠፋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሃግሴትራ በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ተሰበሰቡ። ዋናው ጋሼ ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ እዚህ ላለው ለሐበሻው ማኅበር ሁሉ እንደ አባት የሆኑ ሰው። አዳመጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ መርዶው ሐኪሙ ከለቀቃት በኋላ ባለው እሁድ ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ወሰኑ።

እስከዚያስ ምን እንበላት ብሎ አንዱ ጠየቀ።

ጋሼ ወደ ጓደኞቹ ዞሩ። «ጉዞ ሊሄድ መሆኑን ታውቃለች አይደል? በቃ፣ ሄዷል። ከመንገድ መደወል አይመቸውም፤ ወሬውን በወንድሙ በኩል ይልካል በሏት።»

ለቅሶው የተቀመጥነው እሳቸው ቤት ነው፤ የእኛ አይበቃም። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሰው ሲያለቅስ ስልኬ ጠራ። እቴቴ ናት። ጋሼ ቆመው እጃቸውን አነሱ። አርባ የሚሆን ሰው በአንድ ጊዜ ዝም አለ። አንዲት ሴትዮ የጀመሩትን ዋይታ በነጠላቸው አፍነው ግማሹን ዋጡት። ስልኩን ሳነሳ ሳላስበው ድምፅ ማጉያውን ነካሁት፤ ቤቱ ሁሉ ሰማት።

«ምንድን ነው ጫጫታው?» አለች።

«የጓደኛ ልደት ነው።»

«ታዲያ ምነው ቀዘቀዛችሁ? እልል በሉለት እንጂ፤ ልሰማው።»

ነጠላ አፋቸው ላይ የያዙት ሴትዮ ጋሼን አዩ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሴትዮዋ እልል አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እቴቴ ባለልደቱን እደግ ብላ መረቀችና ዘጋች። ከዚያ ሴቶቹ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ መቀጠል አቃተኝ። ለብዙ ጊዜ ማልቀስ አልቻልኩም።

የጉዞውን ዕቅድ ያወጡት ጋሼ ናቸው። እኛ እንዲሁ «ጀርመን ነው፣ ጣሊያን ነው» እያልን የምንዘልቅ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን የባቡር መርሐ ግብር ከኢንተርኔት አስወጥተው፣ በማስመሪያ ወረቀት አስምረው፣ ወንድሜ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚደርስ ጻፉ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ አጭሩ የምንለው፣ ሰኞ ማታ ሃምቡርግ ማክሰኞ ጠዋት ፓሪስ ይሁን ሲላቸው ተቆጡ። ከኮፐንሃገን የሚመጣው ባቡር ዘግይቶ ስለሚገባ ማገናኛው እንደሚያመልጠው በጣታቸው አሳዩት። አጭሩ፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ አልሄደም» አለ። ጋሼ፣ «ባይሄድም ያመልጠዋል» አሉ። ስለዚህ ወንድሜ ባቡር አመለጠውና ሃምቡርግ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አደረ። ይህን ለእቴቴ ስነግራት ቀኑን ሙሉ ሦስት ጊዜ ደወለች። ብርድ መትቶት ይሆን? ጋቢ ይዟል? ለምን ሰው ቤት አልለመነም? እኔም ሆነ አጭሩ ያላሰብነውን ነገር ሁሉ ትጠይቃለች።

የሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ የዓይኗ ፋሻ ተነሳ። መጀመሪያ ያለችው ፎቶ ላኩልኝ ነው። ዓይኗ ተከፍቶ ለማየት የጓጓችው ወንድሜን ነው።

የወንድሜ ቢጫ ጃኬት ከቦርሳው ላይ ታስሮ ነበር። ለእኔ ልክ ሆነ፤ እጅጌው ብቻ ትንሽ ረዘመ። ፎቶ የሚያነሳው ሌላው ጓደኛው ነው፤ ደሴ ያደገ፣ ኪስታ የገበያ ማዕከል ውስጥ ስልክ የሚሸጥ ልጅ፤ ወሎዬው እንለዋለን። ነገር አያበዛም። እንዲህ ያለውን መደበቅ ከመጀመሪያውም አልወደደውም። እነሱ ጋ ሰው ሲሞት በዚያው ቀን ተነግሮ በዚያው ቀን እንደሚቀበር አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ከኋላ ነው እንግዲህ። ፊት አይታይም፣ ጽሑፍ አይታይም፤ ስልኩን የምትይዝላት የጎረቤት ልጅ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ ማንበብ ትችላለች።

እውነተኛ ቦርሳ ተሸክመን ወጣን። ባዶ ቦርሳ ከኋላ ሲታይ ያስታውቃል አለ አጭሩ፤ እሱ ሄምቸንስት፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የሚረዳበት ሥራ ላይ ስላለ ስለ ጀርባ ያውቃል። ሃምቡርግን ስቶክሆልም ወደብ ዳር ክሬን ፊት ለፊት አነሳን። ስዊዘርላንድ በክረምት ልጆች በበረዶ የሚንሸራተቱበት አንድ ኮረብታ ሆነ፤ በበጋ ሣር ነው፣ ሁለት ፍየል ቢኖርበት ጥሩ ነበር። ፓሪስ አስቸገረን። እቴቴ የምታውቀው ነገር ያንን የብረት ማማ ነው። አጭሩ ከኛ ቤት ሁለት ጣቢያ አልፎ ሜዳ ላይ የቆመ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ትዝ አለው። ከሥሩ ወደ ላይ ካነሳነው አይለይም አለ።

ወደዚያ ስንሄድ ባቡሩ ውስጥ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት ቦርሳዎቻችንን አይተው ወዴት እንደምንጓዝ ጠየቁን። አጭሩ አንዴ ገብቶበታል፤ ፓሪስ አላቸው። ሴትዮዋ ደነገጡ። ይህ ባቡር የሚሄደው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኡፕሳላ ነው፤ ወርዳችሁ በሌላኛው በኩል ተሳፈሩ አሉ። አጭሩ እናውቃለን ቢላቸውም አልተዉንም። በሚቀጥለው ጣቢያ አብረውን ወርደው፣ ደረጃውን አሻግረው፣ የከተማው ባቡር እስኪመጣ አጠገባችን ቆሙ። ሲመጣ እጃቸውን እያወዛወዙ ሸኙን። አንድ ጣቢያ ሄደን ወረድንና እንደገና ወደ ፓሪስ ተመለስን።

ፎቶው ሲደርሳት እቴቴ ደስ አላት። ቆየት ብላ ግን ማማው ላይ ገመድ ለምን በዛ ብላ ጠየቀች። አጭሩ፣ ለንፋስ ነው በላት አለኝ።

ቪየና ላይ እንድረስ። እዚህ አገር ሰው ሞቶ ቶሎ አይቀበርም፤ ወረቀት አለ፣ ተራ አለ። ሦስት ሳምንት አልፎ ነው የቀበርነው። በጋሼ ወረቀት ላይ ያ ቀን ቪየና ነበር። ማናችንም ፎቶ አላሰብንም፤ ጥቁር ለብሰን ቆመናል። እቴቴ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለ ቪየና ስትጠይቅ ነበር፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ቄሱ ጨርሰው ሰው ሲበተን አጭሩ ስልኬን ከእጄ ወሰደና ጎንበስ ብሎ አንድ ፎቶ አነሳ። መቃብሩ ላይ የተከመረውን አበባ ነው። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቢጫ። አፈሩ እንዳይታይ ቀረብ ብሎ ነው ያነሳው። «የቪየና መናፈሻ» ብሎ ላከላት። ያን ጊዜ ልመታው ቃጥቶኝ ነበር። እሱም ቢመቱት ደስ የሚለው ይመስል ቆሞ ጠበቀኝ።

ከላክናቸው ፎቶዎች ሁሉ እቴቴ የወደደችው ያንን ነው። የጎረቤቷ ልጅ የስልኩ ፊት ላይ አደረገችላት። ስልኩን በከፈተች ቁጥር የወንድሜን መቃብር ታያለች ማለት ነው።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተቀይሞኛል እንዴ?»

«ማን?»

«ወንድምህ። ስታናድደኝ አትዋል። ከሄደ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም። ፎቶ ስለው ጀርባውን ይልካል። ሁሉም ጀርባ ነው። ሰው እንዴት ፓሪስ ድረስ ሄዶ ጀርባውን ይሰጣል?»

አልተቀየመም አልኳት። አላመነችኝም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ መጀመሪያ ደውሎ ሲያናግራት «ዓይኔ ሲሠራ ከጎኔ አልነበርክም፣ ከእኔ ባቡርህ በለጠብህ» ብላው ነበር። እሱም ተናዶ ስልኩን ዘጋ። የዘጋው ቅዳሜ ነው፤ እሁድ... ያው እሁድ። እሷ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ስትብሰለሰል የነበረችው በዚያች ስልክ ነው። ይቅርታ ጠይቅልኝ አለች። በእኔ በኩል።

ሃግሴትራ ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። መርዶው ስምንት ቀን ብቻ ነው የቀረው፤ ትታገስ አሉ። አጭሩ መላ አለኝ አለ። ከድሮ ፎቶ የወንድሜን ፊት ቆርጦ እኔ ላይ በኮምፒውተር ለጠፈው። ጭንቅላቱ ከትከሻው ሰፋ። ጥላው በግራ፣ የኔ ጥላ በቀኝ። ወንድሜ በኔ አንገት ላይ ሆኖ ይስቃል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ልደቴ ላይ የሳቀው ሳቅ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አጠለቁ። አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ቢል አሉ። ወሎዬው ተነስቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ቬስቢ ጣቢያ ላይ ቢጫውን ጃኬት ለብሼ፣ ቦርሳውን አዝዬ ቆምኩ። ወሎዬው እንደልማዱ ወደ ኋላዬ ሊዞር ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ከፊት አንሳኝ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «ትልክላታለህ?»

«እልካለሁ።»

«ዓይኗስ?»

ጀርባውን ሰጥቶ የሞተ መስሏት ከምትኖር... አላውቅም። ያን ያህል አስቤ አልነበረም። ወሎዬው «ቢስሚላህ» ብሎ አነሳኝ። ላክሁት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«ዓይኔ ድኗል» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጃኬቱ የሱ ነው። አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«የበፊቶቹም?»

«ሁሉም እኔ ነኝ፣ እቴቴ።»

ባቡር ገባ፣ ሰው ወረደ፣ ባቡሩ ሄደ። ጠበቀችኝ።

«ቀና ብዬ ተቀምጫለሁ» አለች። «ኮርኒሱን ነው የማየው። ንገረኝ።»

ነገርኳት። እሁድ ነው አልኩ። ኳስ ተጫውቶ ገብቶ ነው አልኩ። ጫማውን ሲፈታ። ሌላ ማለት አልቻልኩም። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ማስታወቂያ ነው፣ ስለ ቀለም። ማስታወቂያው አልቆ ሌላ ጀመረ።

«ጣቢያ ውስጥ ማደሩስ?» አለች በመጨረሻ።

«ውሸት ነው።»

«እሰይ። ብርድ አልመታውም።»

«አልመታውም።»

«አበባውስ? የቪየናው?»

«እሱ የሱ ነው» አልኩ።

እስትንፋሷን ሰማሁት። ሲገባና ሲወጣ፣ ሲገባና ሲወጣ፤ ሰው ከባድ ነገር ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ እንደሚተነፍሰው። ሐኪሙ ከባድ እንዳታነሳ ብሎ ነበር።

«ጀርባህን የሰጠኸኝ አንተ ነሃ።»

«እኔ ነኝ።»

«እሱ አልተቀየመኝም።»

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ቅዳሜ ዕለት ስልኩን ከዘጋባት በኋላ ጥርሱን እየፋቀ ወደ ሳሎን መጣ፤ አፉ አረፋ ሞልቶ ነበር። «ልደውልላት እንዴ?» አለኝ። እኔ ኳስ እያየሁ ነበር። ነገ ትደውላለህ አልኩት።

እቴቴ አልተቆጣችኝም። አላጽናናችኝምም። መርዶው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሁድ ጎህ ሲቀድ አልኳት። ቀኑን ስትቆጥር ሰማኋት።

«ሐኪሙ ቅዳሜ ይለቀኛል። ጥሩ ቀን መርጠዋል። እንግዲህ እጠብቃለሁ። አንተም ለማንም እንዳትናገር፤ ሽማግሌዎቹ ስንት ለፍተዋል።»

ከወሎዬው በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እቴቴ በማግስቱ፣ ቀን ላይ፣ ጠብታዋን አድርጋ ደወለች። ያልተጠበቀ ነገር ጠየቀችኝ።

«ዛሬ የት ደረሰ?»

መጀመሪያ አእምሮዋ የተነካ መስሎኝ ፈራሁ። ድምፅዋ ግን ደህና ነበር። የጋሼን ወረቀት ግልባጭ ከኪሴ አወጣሁ። ማክሰኞ፣ ቬኒስ።

«ቬኒስ ደርሷል» አልኳት።

«ውሃው ላይ ነው አይደል ከተማው? ዋና አይችልም፤ ጥግ ጥጉን ይሂድ።»

ረቡዕ ዙሪክ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ባቡር ቀይሮ ወደ ሰሜን ተነሳ፤ በዚህኛው ማገናኛው አላመለጠውም፤ ጋሼ አርባ ደቂቃ ትተውለታል። ዓርብ ኮፐንሃገን። እየነገርኳት ስሄድ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር መጨመር ጀመርኩ። አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ፣ ምን እንደበላ፣ በመስኮት ምን እንደታየው። እሷም ትጠይቃለች፣ ታርማለች፤ እሱ ዓሣ አይወድም ትላለች። ሁለታችንም የት እንዳለ እናውቃለን። ግን እየመጣ ነበር። ከሞተ ወዲህ ስለሱ ሳወራ ያልደከመኝ ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃኬቱን ለብሼ ቦርሳውን አዝዬ ወደ ዋናው ጣቢያ ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው፣ ከደቡብ የሚመጣው የማልሞ ባቡር እስኪገባ ጠበቅሁ። ሰዎቹ ሲወርዱ መሐላቸው ገብቼ አብሬያቸው ወጣሁ፤ ከዚያ በፔንደልቶግ ወደ ቬስቢ። በሩን ከፍቼ ስገባ ስልኩ ጠራ።

«ሐኪሙ ለቀቀኝ» አለች። ቀጥላ፣ «ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«ጫማውን አወለቀ?»

እግሬን አየሁ። አላወለቅሁም ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ፣ ቦርሳውን እንዳዘልኩ ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያው ተቋጥሮ ስለነበር ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱንም ፈትቼ ቀና አልኩ።

«አወለቀ» አልኳት።

«በል ይረፍ» አለችና ዘጋች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከቦርሳዎቹ መሐል ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የውሸት ልደት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች በሯን አንኳኩ። ከመጡት አንዱ ለጋሼ በስልክ ሲተርክላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። በሩን ስትከፍት ለብሳ ነበር አሉ። ወንበር ሰጠቻቸው። በግራም በቀኝም ተቀመጡ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ፣ ስለ ዕድል አወሩ፣ ስለ ሰው ልጅ አወሩ፤ እሷ እስኪጨርሱ አንድም ቃል አላቋረጠቻቸውም። ሲነግሯት ግን ወለሉ ላይ ወርዳ፣ አጎንብሳ፣ ዓይኗን ሳትቆጥብ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይተን አናውቅም አሉ። ጋሼ ስልኩን ዘግተው ያችን በማስመሪያ የተሰመረች ወረቀት ከደረት ኪሳቸው አወጡ። የመጨረሻውን መስመር በእስክርቢቶ ሰረዙ።

«በሰዓቱ» አሉ።

አዎ ጋሼ፣ በሰዓቱ ነው አልኳቸው።